የሃና ሁለት ኖታዎች

ኖታ ገልባጭ ነበርኩ ስል ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ታዲያ ምን መሣሪያ ትጫወቻለሽ?» ምንም! ፒያኖ ፊት ብታስቀምጡኝ በአንድ ጣቴ የሕፃን ዜማ ለቅሜ ከማውጣት አላልፍም። የፍርድ ቤት ጸሐፊ ዳኛ ነው እንዴ? የሙዚቃው ደራሲ በጥድፊያ የሞነጫጨረውን ተቀብዬ፣ ለቫዮሊኑ የቫዮሊኑን፣ ለዋሽንቱ የዋሽንቱን ለይቼ፣ በጠራ እጅ እጽፋለሁ። ተጫዋቹ መድረክ ላይ ሳይደናበር ከተጫወተ እኔ መኖሬም አይታወቅም። ከተደናበረ ግን «ማነው የገለበጠው?» ይባላል። ሙያዬ ይኸው ነው፣ ስሙ የሚነሣው ሲበላሽ ነው።

ባለፈው መስከረም ዙሪክ ከሚገኘው የኖታ አሳታሚ ቤት ጡረታ ወጣሁ። ኬክ ቆረሱልኝ፤ ሥራ አስኪያጁም እንደ ልማዱ ስሜን አጣሞ ጠርቶ አመሰገነኝ። በኔ ቦታ ሰው አልቀጠሩም። አሁን ሁሉም በኮምፒውተር ሆኗል፣ ደራሲዎቹም ራሳቸው ጽፈው ይልካሉ። ስለዚህ ጡረታ የወጣነው እኔና ሙያው አብረን ነው። ለኔስ የወር ተቆራጭ አለኝ፣ ለሙያው ማን ያስብለት?

ይህን እንድጽፍ ያስነሣኝ ግን ጡረታው ብቻ አይደለም። ሆዴ ውስጥ ዓመታት የተቀመጠ የአንድ ቀን ነገር አለ። እሱ ጋ እስክደርስ ከሥሩ ልጀምር።

ሥራውን የጀመርኩት አዲስ አበባ፣ አንድ ቴአትር ቤት ውስጥ ነው። ታይፒስት ሆኜ ነበር የተቀጠርኩት። የኦርኬስትራው ገልባጭ ታሞ ሲቀር፣ «የእጅ ጽሕፈትሽ ቆንጆ ነው፣ ነይ እስቲ» ብለው ወረቀት አሸከሙኝ። ኖታ ማንበብ የለመድኩት እየገለበጥኩ ነው። ባለመስመር ወረቀት ስለማይገኝ አምስቱን መስመር ራሳችን በማስመሪያ እናሰምር ነበር። ዘመኑ የደርግ ነውና አብዛኛው ሥራችን ስለ ምርት ዘመቻ፣ ስለ ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ስለ ትራክተር ነበር። ስንት ትራክተር ገልብጫለሁ መሰላችሁ! መንግሥት ተለወጠ፣ ዘፈኑ ተለወጠ፣ እኔ ግን እዚያችው ጠረጴዛ ላይ ነበርኩ።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ታናሽ ወንድሜ ከሰፈር ልጆች ጋር ታፍሶ ታሰረ። እሱን ፍለጋ ከጣቢያ ጣቢያ ስዞር በመሥሪያ ቤቴም ስሜ ይነሣ ጀመር። በዚያው ሰሞን የቴአትር ቤቱ ቡድን ለባህል ዝግጅት ወደ ስዊዘርላንድ ሲመጣ ኖታ ያዥ ሆኜ አብሬ መጣሁ። ቡድኑ ተመለሰ፣ እኔ ቀረሁ። ወንድሜ በኋላ ተፈትቷል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የጥገኝነቱን ወረቀት ጣጣ ያለፈበት ያውቀዋል፣ ላላለፈበት ቢያወሩለት አይገባውም። ዙሪክ አጠገብ፣ ሽሊረን በምትባል ከተማ አንድ መጋዘን ካርቶን እያሸግኩ ከረምኩ።

እዚያው ሽሊረን ሳለሁ እናቴ ሞተች። ይህን የማነሣው ለኋላው ስለሚያስፈልግ ነው። አብረውኝ የሚኖሩት ያገሬ ልጆች ለሁለት ቀን «እናትሽን ትንሽ አሟቸዋል» ሲሉኝ ሰነበቱ። ስልኬም ተሰወረ። «ተበላሽቷል፣ ልናሠራልሽ ወስደነዋል» አሉኝ። ቅዳሜ ማለዳ፣ ገና አልጋ ላይ ሳለሁ፣ ቄሱን አስቀድመው ተሰብስበው መጡ። በሩ ላይ ሳያቸው ገባኝ። ጮኽኩ፣ መሬት ልወድቅ ስል ደግፈው ያዙኝ፣ አብረውኝ አለቀሱ። ያንን ወሬ ለብቻዬ፣ አውቶቡስ ውስጥ ወይ መጋዘኑ መሐል በስልክ ሰምቼው ቢሆን ኖሮ አብድ ነበር። በሰው እጅ ላይ ነው የወደቅኩት። እስከ ዛሬ እመርቃቸዋለሁ።

ከመጋዘን ያወጣችኝ ፍራው ኤግሊ ናት፤ ፍራው በጀርመንኛ ወይዘሮ ነው። የጀርመንኛ አስተማሪያችን በየተራ ሙያችንን ስትጠይቅ «ኖታ ገልባጭ» ብላት፣ ዓይኗ ፈጠጠና ወደ አንድ የኖታ ቤት ደወለች። ፍራው ኤግሊ እዚያ የገልባጮች አለቃ ነበረች፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጠጉሯን እንደ ወንድ የተቆረጠች፣ ሳቅ የማይቀርባት። አንድ ገጽ አስገለበጠችኝ። ወደ መስኮቱ ወስዳ አየችውና «መስመርሽ ይንጋደዳል፣ እጅሽ ግን አይዋሽም። ሰኞ ነይ» አለችኝ።

የሷን ልማድ ብጽፍ አያልቅም። ብዕር ከመንካቷ በፊት እንደ ሐኪም እጇን ትታጠባለች። ቀለም የተሳሳተ እንደሆነ በምላጭ ጫፍ በስሱ ፍቃ፣ የተፋቀውን ቦታ በጥፍሯ ታሻሸዋለች፤ አለዚያ አዲሱ ቀለም ይፈስበታል። የገለበጠችውን ሁሉ ከማስረከቧ በፊት በለሆሳስ ታንጎራጉረዋለች፣ የከበሮውን ሳይቀር። ከሁሉ ያስገረመኝ ደግሞ ገጽ አገላለጧ ነው። ተጫዋች ሁለቱም እጁ ተይዟል፤ ገጹ መጨረሻ ላይ ዕረፍት ካልወደቀለት በምኑ ይገልጠዋል? እሷ ወንበር ላይ ቁጭ ትልና፣ የሌለ ቫዮሊን አገጯ ሥር አድርጋ፣ በባዶ እጇ እየተጫወተች ትሞክረዋለች። «ወይንሸት፣ እዚህ ጋ ሦስተኛ እጅ ያስፈልጋል» ትልና ከመጀመሪያው ታስጀምረኛለች። ስንቴ በሆዴ ረግሜያታለሁ!

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቃ ታስተምር ነበር። «የደራሲውን ስህተት አንቺ አታርሚም፣ ትጠይቂያለሽ። መጠየቅ ያለብሽን ደግሞ አታሳድሪም።» አንድ ዓርብ ቀን የአንድ አንጋፋ ደራሲ ሥራ ላይ የምትጠረጠር ኖታ አገኘሁ። ሰውየው የተከበረ ሽማግሌ ነው። ሰኞ በዘዴ አነሣዋለሁ ብዬ ዝም አልኩ። ፍራው ኤግሊ ፊቴን አይታ ቴሌፎኑን አንሥታ እጄ ላይ አኖረችው። «ደውዪ።» እየተንተባተብኩ ጠየቅኩት፣ እውነትም ስህተት ነበር፣ አመሰገነኝ። ትልቅ ሰውን በቀጥታ ፊት ለፊት መጠየቅ ለኛ ሰው እንዴት እንደሚከብድ ስዊሶች አይገባቸውም፤ ይሉኝታ የሚባል ነገር የለባቸውማ።

ጄኔቫ የሄድኩትም በሷ ትእዛዝ ነው። ጄኔቫ ዳር፣ ቶኔ በሚባል ሰፈር የሚኖር አንድ የፖላንድ ሙዚቃ ደራሲ ነበር፣ ሌሼክ የሚባል። ዕድሜው ሰማንያውን አልፎ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ፣ እሱ ፒያኖውን ሲነካ እየሰማ የሚጽፍለት ሰው ፈለገ። ፈረንሳይኛ የምችል እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አዲስ አበባ ሲስተሮች ያስተማሩኝ ፈረንሳይኛ ለዚህ ቀን ኖሯል! ከሰኞ እስከ ሐሙስ ጄኔቫ፣ የቀረውን ሽሊረን ቤቴ። ጄኔቫ የማድረው እዚያው ቶኔ፣ ጋሽ ወልዴና እትዬ ጽጌ ቤት ነበር። ከድሮ ጀምሮ የተሰደዱ የአዲስ አበባ ሰዎች ናቸው። ጋሽ ወልዴ በትራም ሾፌርነት ጡረታ የወጡ፣ እትዬ ጽጌ ደግሞ ለሠርጉም ለልቅሶውም ሰው የሚያስተባብሩ።

እኔ በልቤ «ጋሽ ሌሼክ» እላቸው ነበር፣ አንቱ ሳልል ልጠራቸው አፌ እምቢ ስላለኝ። እሳቸው «ፓኒ ወይንሸት» ይሉኛል፤ ፓኒ ማለት በነሱ ወይዘሮ ማለት ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ቁጣ በቁጣ ነበር። ፒያኖውን ይነኩና «ጻፊ!» ይላሉ፤ እጽፋለሁ፤ «እሱን አይደለም ያልኩሽ!» ይላሉ። በአራተኛው ቀን ታገሥኩ ታገሥኩና «የነኩት እሱን ነው፣ ጆሮ አለኝ» አልኳቸው። ሳቁ። «ጣቴ ነው እንግዲህ የሚዋሸው» አሉ። ከዚያ ወዲህ ፍቅር ሆንን።

ሕይወታቸውን በየሻዩ ሰዓት ቁርጥራጭ ቁርጥራጭ አድርገው ነው የነገሩኝ። ዋርሶ ነው የተወለዱት። አባታቸው ቀድሞ ሞቶ፣ እናታቸው በልብስ ስፌት እሳቸውንና ታናሽ እኅታቸውን ሃናን አሳደገች። በጀርመኖች ጊዜ ፒያኖ የተማሩት ተደብቀው፣ መስኮት በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ነው። ወጣት ሆነው አምስት ዘፈኖች ደረሱ፤ ሃና ዘፋኛቸው ነበረች። ከዚያ ከተማው በጀርመኖች ላይ ሲነሣ እሳቸው ሊዋጉ ወጡ። ቤቱ ተቃጠለ፣ እናትየው እዚያው ሞተች፣ ኖታውም አመድ ሆነ። ሃና ግቢው ውስጥ ስለነበረች ተረፈች። ከጦርነቱ በኋላ የመጣው መንግሥት ደግሞ «የፋብሪካ መዝሙር ድረስ» አላቸው። «ስለ ትራክተር ጽፌያለሁ፣ ታምኚያለሽ?» ሲሉኝ፣ «እኔም ገልብጫለሁ!» ብዬ ብጮህ ሁለታችንም እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። በኋላ ለአንድ የሙዚቃ ፌስቲቫል ስዊዘርላንድ መጥተው ቀሩ። ስማቸው ለሚያውቋቸው ትልቅ ነው፣ ለሌላው ምንም ነው። ሚስታቸው ሞታለች። አንድ ልጅ አለቻቸው፣ ማርታ፣ ቪንተርቱር ከተማ አስተማሪ ናት።

ያኔ እንሠራ የነበረው ያንኑ የተቃጠለውን ነው። ጋሽ ሌሼክ ግማሹን ረስተውታል፤ ሃና ግን ዋርሶ ሆና ሁሉንም ታስታውሳለች። ማክሰኞ ማክሰኞ ይደውሉላታል። የቤቱ ስልክ ድምፅ ማጉያ ስለነበረው እኔም እሰማለሁ። ያቺ አሮጊት ስልክ ላይ ትዘፍናለች፣ ድምፅዋ ቢሰነጠቅም ዜማው አይዛነፍም፤ እኔ እጽፋለሁ፤ እሳቸው በኋላ የፒያኖውን አጃቢ ይሠሩለታል። አራቱን እንዲህ አድርገን ጨረስን። አምስተኛው ላይ ጠብ ተነሣ።

አምስተኛው ዘፈን ስለ ገዛ እናታቸው ነው። ሲመሽ መስኮት ከፍታ ግቢ የሚጫወቱትን ልጆቿን ትጣራለች። መጨረሻው ሁለት ኖታ ብቻ ነው፣ የመጨረሻዋ ጥሪ። ጋሽ ሌሼክ «ሁለተኛዋ ኖታ ወደ ታች ትወርዳለች፤ ልጆቹ ገብተዋል፣ ተረጋግታለች» ይላሉ። ሃና «ወደ ላይ ነው የምትወጣው፤ ገና እየጠራችን ነው። የእማማን ድምፅ ረሳኸው እንዴ?» ትላለች። በፖላንድኛ ይጨቃጨቃሉ፣ ከዚያ ለኔ በፈረንሳይኛ ይተረጉሙልኛል፣ እኔ እንደ ሽማግሌ መሐላቸው ቁጭ ብዬ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሰዎች ስለ አንዲት ኖታ ስልክ ጆሮ ላይ ሲዘጋጉ ማየት! ግን ነገሩ የኖታ አልነበረም። እሳቸው የእናታቸውን መጨረሻ አላዩም፣ እሷ አይታለች።

ያ ቀን ረቡዕ ነበር። ከምሳ በኋላ ጋሽ ሌሼክ ጋደም ብለው ሳለ ስልኩ ጮኸ። ማርታ ናት።

«አባቴ አጠገብሽ ነው?»

«ጋደም ብለዋል።»

«አክስቴ ሃና በጣም ታማለች፣ ሆስፒታል ናት። አሁን ወደ ዋርሶ ልሳፈር ነው። ረጋ አድርገሽ ንገሪው፣ ለብቻው ሆኖ እንዲሰማው አልፈልግም። ስደርስ እደውላለሁ።» ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ሌላ ነገር ሳልጠይቃት ስልኩ ተዘጋ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ልጃቸው የምታስተምራቸውን ተማሪዎች በትና አውሮፕላን ትሳፈራለች፤ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፤ ረጋ አድርገሽ ንገሪው፣ ብቻውን እንዳይሆን ትላለች። ያገሬ ሰው ሆኖ ይህን ሰምቶ ሃና በሕይወት አለች የሚል ማነው? ሞተች ተብሎ በስልክ የሚነገረው የት አገር ነው? እኔንም «እናትሽን ትንሽ አሟቸዋል» ብለውኝ አልነበር? ሃና አርፋለች፣ ማርታም በጨዋ ደንብ ነገረችኝ ብዬ ቁርጤን አወቅኩ። መርዶው በኔ ላይ ወደቀ ማለት ነው። መርዶ ደግሞ በእኩለ ቀን፣ አንድ ሰው ብቻውን ዱብ አያደርገውም። ነገ በማለዳ፣ ሰው ይዤ፣ እንደ ወጉ ነው የማረዳቸው አልኩ።

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ማርታ ስደርስ እደውላለሁ ብላለች። ማታ እኔ በሌለሁበት ደውላ እያለቀሰች ብታፈርጠውስ? እኒያ ሽማግሌ ብቻቸውን ኮሪደር ላይ ወድቀው ቢያድሩስ? ሄድኩና የስልኩን ገመድ ከግድግዳው ነቀልኩት። እንዳያዩትም ጫፉን ከካቢኔው ጀርባ ወሸቅኩት። እሳቸው ሞባይል የላቸውም፣ የኔን ቁጥር ማርታ አታውቀውም። ያን ጊዜ ይህ ሁሉ ፍቅር መስሎኝ ነበር። ፍቅርም ነበር።

ሲነሡ ፊታቸው በርቷል። «ፓኒ ወይንሸት፣ ተሸነፍኩ መሰለኝ» አሉኝ። ፒያኖው ላይ ተቀምጠው ሁለቱን ኖታ ወደ ታች ነኩት፣ ወደ ላይ ነኩት፣ እንደገና ወደ ታች። «ሕልም አይቼ ነው፤ እማማ ስትጠራኝ ነበር። ግን ከነቃሁ በኋላ ጠፋኝ። ለሃና ደውዪልኝ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ትዝፈንልኝ። ወደ ላይ ካለች እንደሷ እንጽፋለን፣ አበቃ።»

ወይ መከራዬ! «ዛሬ ስልኩ አይሠራም፣ ነገ ይሠሩታል» አልኳቸው። ዓይናቸውን ማየት አቅቶኝ ወረቀቱን አስተካከልኩ።

«እንግዲያ ነገ» አሉ። ቅር አላላቸውም፣ እንዲያውም እያፏጩ ሻይ ሊያፈሉ ሄዱ። እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ፎጣ አፌ ላይ አድርጌ ለሃና አለቀስኩ። ሃና ግን ያን ሰዓት በሕይወት ነበረች።

ማምሻውን ለጋሽ ወልዴና ለእትዬ ጽጌ ነገርኳቸው። ሳይጠሯቸው የሚመጡ ሰዎች ናቸው። እትዬ ጽጌ «ምስኪን፣ ባዕድ አገር ብቻውን! እኛ እያለን?» አሉና ዳቦ ጋገሩ፣ ለጠዋቱም ሻይ በፔርሙዝ ሞሉ። ጎህ ሲቀድ ሦስታችን ጥቁር ለብሰን በራቸውን አንኳኳን።

ጋሽ ሌሼክ በቢጃማ ሆነው ከፈቱ። ሦስት ጥቁር የለበሰ ሰው በዚያ ማለዳ በር ላይ ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ። እኔን እንኳ ለይተው ያዩኝ አልመሰለኝም። «ካፖርቴን ልልበስ» አሉ በቀስታ። እጃቸውን ወደ ማንጠልጠያው ሲዘረጉ ነው የገባኝ። እሳቸው ባደጉበት ከተማ ጎህ ሲቀድ በር የሚያንኳኳው ሰው ሊወስድ የመጣ እንጂ ሊያጽናና የመጣ አልነበረም። «ኧረ እኔ ነኝ፣ ወይንሸት ነኝ!» ብዬ እጃቸውን ያዝኩ። ደግፈን ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው። ጋሽ ወልዴ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ። እኔ ተናገርኩ። «እኅትዎ ሃና አርፋለች። እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

አልጮኹም። «መቼ?» አሉ።

«ትናንት። ማርታ ደውላ ነበር።»

«ትናንት?» ብድግ ብለው ወደ ስልኩ ሄዱ። ጆሯቸው ላይ አደረጉት፣ ድምፅ የለውም። ገመዱን በእጃቸው ተከትለው እስከ ካቢኔው ደረሱ፤ ጫፉን አወጡትና አዩት። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ መሰካት አቃታቸው፣ እኔ ሰካሁላቸው። ማርታን አገኟት። በፖላንድኛ ስለሆነ ቃሉን አልሰማሁም፣ እሳቸው ግን ብዙም አልተናገሩም። ለረጅም ጊዜ ሰምተው ስልኩን አስቀመጡ።

«ሃና የሞተችው ዛሬ ሊነጋ ሲል ነው» አሉኝ በፈረንሳይኛ። «ማታ ነቅታ ነበር። ማርታ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዛ ስትደውል አመሸች።»

እትዬ ጽጌ ፈረንሳይኛውን ሰምተው «ኡኡ፣ ወይንሸት ምን አደረግሽ?» አሉ በአማርኛ። ወለሉ ላይ ወድቄ የጋሽ ሌሼክን እግር ያዝኩ። መርዶ ልነግር መጥቼ እኔ ተረዳሁ። ጋሽ ሌሼክ አጎንብሰው ሊያነሡኝ ሞከሩ፣ አቃታቸው፣ ጎኔ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ለምን?» አሉኝ። ስለ እናቴ፣ ስለዚያች ቅዳሜ ማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ ስለሚደግፍበት ወግ እያለቀስኩ ነገርኳቸው። እንደ እንግዳ ዜማ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙኝ። «መልካም ልማድ ነው» አሉ መጨረሻ ላይ። «ለኔ ግን አልሆነም።» ከዚያ እትዬ ጽጌን ሻዩን እንዲቀዱ በእጃቸው አመለከቱ። ጠጣን፤ ምን እንደጠጣሁ አላውቅም።

ዙሪክ ተመልሼ ለፍራው ኤግሊ ነገርኳት። ልትቆጣኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጣችም። «ማርታን ለምን አልጠየቅሻትም?» አለችኝ ብቻ። ሞታለች ወይ? ሁለት ቃል ናት። አንዲት የምትጠረጠር ኖታ ባይ እደውል ነበር፣ አስተምራኛለችና። ሰው ሞቷል ወይ ብሎ አፍ ሞልቶ መጠየቅ ግን በኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ከነገሩሽ ትቀበያለሽ እንጂ አትመረምሪም። ይህን ላስረዳት ሞከርኩ፣ በጀርመንኛ ሲነገር እንዴት ሞኝ እንደሚመስል! እሷም እጄን መታ መታ አድርጋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ጋሽ ሌሼክ አላባረሩኝም። ማርታ ልታነጋግረኝ እንዳልፈለገች አውቃለሁ፤ እሳቸው ግን በወሩ «ነይ፣ እንጨርስ» አሉኝ። አምስተኛው ዘፈን መጨረሻ ስንደርስ ብዕሬን ቀለም ነክሬ ጠበቅኩ። እጃቸው የፒያኖው ቁልፎች ላይ ቆየና ወደ ጉልበታቸው ተመለሰ።

«ባዶ ተይው» አሉኝ።

«እርስዎ ይወስኑ እንጂ፣ የርስዎ ድርሰት እኮ ነው።»

«እኔ የማስታውሰው የተመኘሁትን ነው። የሰማችው እሷ ናት።» ዘፈኑ የእናታቸው እንደሆነ፣ የእናታቸውን ድምፅ በግምት እንደማይጽፉ ነገሩኝ። ለመንኳቸው። ወደ ላይም ወደ ታችም ይጻፉና ዘፋኟ ትምረጥ አልኩ። እምቢ አሉ። ሁለት ቁም መስመር አሰመርኩ፣ መሐሉን ባዶ ተውኩት። በሥራ ዘመኔ ካሰመርኩት ሁሉ እንደዚያ እጄ የከበደበት መስመር የለም።

ዘፈኖቹ ዙሪክ ውስጥ ቀረቡ። ጋሽ ሌሼክን ከጎኔ አስቀምጬ ሰማሁ። መጨረሻው ላይ ዘፋኟ አፏን ዘጋች፣ ፒያኖ ተጫዋቹ እጁን አነሣ፣ አዳራሹ ጸጥ አለ፣ ከዚያ ጭብጨባው ቀለጠ። ሰው ሁሉ ያንን ዝምታ ሲያደንቅ አመሸ፤ ጥልቅ ነው፣ ደፋር ነው ተባለ። የማን ዝምታ እንደሆነ የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነን። እሳቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «እንደ ጥበብ ወሰዱት» አሉኝ፣ ፈገግ ብለው። እኔ ፈገግ ማለት አልቻልኩም። በቀጣዩ ክረምት አረፉ። ያኔ ማርታ ራሷ ደወለችልኝ፣ አንድም ሳታድበሰብስ «አባቴ ዛሬ ጠዋት ሞተ» አለችኝ። አመሰገንኳት።

ከዚያ በኋላ ዓመታት አለፉ። ሌላ ብዙ ሥራ ሠራሁ፣ ሌሎች ደራሲዎችንም አገለገልኩ፣ ፍራው ኤግሊም ጡረታ ወጥታ እሷም አረፈች። ሰው ስለ ሥራዬ ሲጠይቀኝ ስለ ምላጩና ስለ ሌለው ቫዮሊን አጫውታለሁ። ስለ ስልኩ ግን ለማንም አላወራም።

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ማርታ ቪንተርቱር ምሳ ጋበዘችኝ። እሷም ጠጉሯ ሸብቷል፣ ማስተማር ልታቆም ነው። ስለ ባቡሩ፣ ስለ ጉልበታችን ስናወራ ቆየን። ቡናው ሲመጣ ድፍረት አገኘሁና ከዚያ ቀን ጀምሮ አፌ ላይ የነበረውን «ይቅር በዪኝ» ተናገርኩት።

«አልተቀየምኩሽም» አለችኝ። «ያኔ ተቀይሜሽ ነበር። አባቴ ስለ እናትሽ ከነገረኝ በኋላ ግን ቅያሜው ለቀቀኝ።» ሲኒዋን አዞረች። «ያን ማታ እኮ አክስቴ ፊቷ ደህና ነበር። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጌላት ይጠራል፣ ይጠራል፣ የሚያነሣ የለም። እሷ የተነሣ መሰላት መሰለኝ፣ መዝፈን ጀመረች።»

ሲኒዬን አስቀመጥኩ። «የቱን?»

«የመስኮቱን። የአያቴን።»

«እስከ መጨረሻው?»

«እስከ መጨረሻው።»

ያቺ ባዶ ቦታ በሁለቱ መስመሮች መሐል ዓይኔ ላይ ድቅን አለች። እጇን ያዝኳት። «ማርታ፣ በሞቴ ልብ በዪና ንገሪኝ። መጨረሻው ላይ ድምፅዋ ወደ ላይ ወጣ ወይስ ወደ ታች ወረደ?»

ብዙ አሰበች። ዓይኗን ጨፈነች፣ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፣ ከዚያ እንባዋ መጣ።

«አላውቅም፣ ወይንሸት» አለችኝ። «እኔ ስልኩን ነበር የማዳምጠው፣ ታነሡታላችሁ ብዬ።»